የበረካ ምሁራን

ማክሰኞ ማታ ስድስት ኪሎ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ይዣለሁ። ከፊቴ ያለው ልጅ ፍላሹን አቀበለና «የነገውን ሪዲንግ አውጣልኝ» አለ። «የትኛውን?» ሲባል መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «እኔ እንጃ፣ አንተ አታውቀውም?»

መቼም እንዲህ ያሉ ተማሪዎችን አይታችኋቸዋል። እኔ ከዚያ ማታ ጀምሮ እጅ ነስቻለሁ። ሞኝ ተማሪ በየሳምንቱ ሲያነብ ዐይኑን ያጠፋል። እነሱ ሪዲንግ አያነቡም፤ ያጠራቅማሉ። ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ ሲወጣ ሴቭ ያደርጉታል። በቃ፣ ተማሩ።

የማሳጠር ጥበባቸውማ! 40 ገጽ ይሰጣል። አንዲት ልጅ አንብባ 6 ገጽ ሾርት ኖት ትሠራለች። ይሄ አቦሉ ነው። ጓደኛዋ 6ቱን 2 ያደርገዋል፤ ቶና። ሦስተኛው ግማሽ ገጽ ያወጣለታል፤ በረካ። ቡና ቢሆን እዚህ ላይ ረከቦቱ ይነሳል። እነሱ ግን ውኃ ይጨምራሉ። አራተኛው ግማሽ ገጹን በድምፅ ቀርጾ ግሩፑ ላይ ይለቃል። አምስተኛው ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ ታክሲ ውስጥ በእጥፍ ፍጥነት ይሰማዋል፤ መሀል ላይ «ወራጅ አለ!» ይገባበታል። ስድስተኛው ክፍል በር ላይ ይይዘውና «ምንድን ነው የሚለው?» ይለዋል። «ስለ ዋጋ ንረት ነው።» ይበቃዋል። ገብቶ እጁን ያወጣል፤ «እንደ ጸሐፊው አባባል፣ ዋጋ ወራጅ ነው…»

የ5 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያ ነው) ኮርስ 135 ሰዓት ሥራ ይጠይቃል ይላል ኮርስ አውትላይኑ። የእኛ ጀግኖች ከአንድ ታክሲ መንገድ አላለፉም።

አንዴ ቀልዱን ልተወው። ያቺ አቦሉን ያፈላችው ልጅ እንቅልፏን አጥታ ነው የጻፈችው። አመሰግናለሁ ያላት የለም። ኖቷ ላይ አንድ ስሕተት ሲገኝ ግን «አንቺ ነሽ ያስጣልሽኝ» ይሏታል። ያውም ፊቷ ቆመው! ይሄን ስንፍና እያላችሁ አታቆላምጡብኝ። ዐይን ያወጣ ሌብነት ነው።

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ። ኮፒ አድራጊው ፍላሹን ከፍቶ ትንሽ ፈለገ። «ሳምንት 5ን ጓደኞችህ ሰኞ ወስደዋል። የነገው ሳምንት 6 ነው።» አትሞ፣ ስቴፕል መትቶ ሰጠው። ቀጠለና «ገጽ 14 ላይ ያለችውን ሰንጠረዥ እንዳትዘላት፤ ባለፈው ዓመትም ፈተና ከሷ ነው የወጣው» አለው።

ልጁ ስልኩን አወጣ።

«እስቲ ድገመው፣ ልቅረጽህ።»