ማስተካከያ፦ 100,000 ፊርማና የአሜሪካ ኮንግረስ

«100,000 ሰው በኢንተርኔት ከፈረመ ኮንግረስ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት» የሚል መልዕክት በየቴሌግራም ግሩፑ ይዞራል። ልክ አይደለም። ቁጥሩ የኋይት ሐውስ ነው። የኦባማ አስተዳደር በ2011 (እ.ኤ.አ.) የፊርማ ገጽ ከፈተ፤ በ2013 መልስ ለማግኘት የሚያስፈልገውን የፊርማ ቁጥር 100,000 አደረገው። ገጹ ዛሬ የለም። በነበረበት ጊዜም ኮንግረስን አይመለከትም ነበር። የእንግሊዝ ፓርላማ ግን ተመሳሳይ አሠራር አለው፤ እሱ የእንግሊዝ ዜጎችና ነዋሪዎች ጉዳይ ነው።

ኮንግረስ ጋ ዋናው ነገር አድራሻችሁ ነው። የተወካዮች ምክር ቤት ድረ ገጽ ላይ ዚፕ ኮዳችሁን ስታስገቡ የአካባቢያችሁን ተወካይ ያወጣላችኋል። አንዳንዱ ዚፕ ኮድ ለሁለት ተወካዮች ስለሚከፈል ሙሉ አድራሻ ሊጠይቅ ይችላል። የሌላ አካባቢ ሰው ከሆናችሁ ብዙ ጊዜ ፎርሙ አይቀበላችሁም፣ ቢቀበልም መልስ አትጠብቁ። ስለዚህ ከሜሪላንድ ሆኖ ለካሊፎርኒያ ተወካይ መጻፍ ከንቱ ልፋት ነው። ግሪን ካርድ ያላችሁም ጻፉ፤ ተወካዩ የነዋሪው ሁሉ ነው።

ኮፒ ተደርጎ የተላከ ደብዳቤን ሠራተኞቹ በርዕስ ሰብስበው ይቆጥሩታል፣ መልሱም አንድ ዓይነት ይሆናል። የራሳችሁን ጉዳይ በራሳችሁ ቋንቋ ጻፉ፤ የእናታችሁ ቪዛ ስንት ጊዜ እንደቆየ፣ የት እንደተያዘ። ከማይታወቅ ቁጥር ተደውሎ የስልክ ስብሰባ ነው ከተባላችሁም ቶሎ አትዝጉት። ተወካዮች በአንድ ጊዜ ለሺዎች የሚደውሉት እንደዚያ ነው፣ ጥያቄ መጠየቅም ይቻላል።