አዋቂው ሲያዳምጡ

መድረክ ላይ የተቀዳ የጃዝ ሳክስፎን በተከፈተ ቁጥር አብረውት የሚከፈቱ ሰዎች አሉ። ዕድሜ ይስጣቸው! እነሱ ባይኖሩ ሙዚቃውን ዝም ብለን ልንሰማው ነበር።

አዋቂያችን የምላቸው እንዲህ ያሉትን ነው። ሳክስፎኒስቱ ትንፋሹን ሰብስቦ የመጀመሪያዋን ኖታ ሲነካ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ፤ ዝም በሉ ለማለት ነው። እኛ ዝም እንላለን፣ እርሳቸው ይጀምራሉ። «እዚህ ጋ ስሙ! አሁን ይመጣል... አሁን... አይ፣ አለፈ፤ ልመልሰው።» መልሰው ያስጀምሩታል፤ መልሰው ይናገሩበታል።

አሜሪካዊው ሳክስፎኒስት ጆን ኮልትሬን በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1961 ኒውዮርክ፣ ቪሌጅ ቫንጋርድ የተባለው የጃዝ ክለብ ውስጥ አንድ ብሉዝ (የጥቁር አሜሪካውያን እንጉርጉሮ) ይዞ 16 ደቂቃ ገደማ ነፍቷል። ፒያኒስቱ እጁን ሰብስቧል፤ ቴነር ሳክስፎኑን ከሥር የያዙት ባስና ከበሮ ናቸው። ሰውየው ሲጮህ፣ ሲያቃስት፣ አንዲቷን ሐረግ እያገላበጠ ሲፈትሻት ይሰማል ይባላል። «ይባላል» ማለቴ፣ መጀመሪያ የሰማሁት እርሳቸው ባሉበት ስለሆነ ነው። በዚያች ጊዜ ስለ ሳክስፎኑ ማውዝፒስ (አፍ የሚገባው ጫፍ)፣ ስለ ሸክላው የኅትመት ዙር፣ በተለይም ስለ ድምፅ ማጉያቸው ሽቦ ብዙ ተምሬያለሁ። ሙዚቃው ሲያበቃ ማብራሪያው ገና ከመቅድሙ አልወጣም ነበር። ኮልትሬን ቸኩሏል ማለት ነው።

አንዳንድ ክፉ ሰዎች ብሉዝ ውስጥ ክፍተቱም ሙዚቃ ነው ይላሉ። ባለ 12 ባር (የምት ክፍል) ብሉዝ ሲዘፈን ድምፃዊው አንድ ስንኝ ይልና ያቆማል፤ በተረፈው ቦታ መሣሪያው ይመልስለታል። ሳክስፎኑ ብቻውን ሲሆን ጥያቄውንም መልሱንም ራሱ ይነፋቸዋል፤ በመካከላቸው ትንፋሽ የምታህል ዝምታ ይተዋል። አዋቂያችን ያቺን ዝምታ ባዶ ወንበር አድርገው ነው የሚያዩዋት፤ ሄደው ይቀመጡባታል።

ደግሞ «የመድረክ ቅጂ አይዋሽም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በ1956 በኒውፖርት የጃዝ ፌስቲቫል ላይ ሳክስፎኒስቱ ፖል ጎንሳልቬስ ከዱክ ኤሊንግተን ባንድ ፊት ወጥቶ 27 ዙር ብሉዝ ሲነፋ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ ጨፈረ። (የዚያን ሕዝብ ጩኸት እኔ እወደዋለሁ፤ እያዳመጠ ነው የሚጮኸው።) ችግሩ፣ ጎንሳልቬስ የተጠጋው የሸክላ አሳታሚውን የኮሎምቢያን ማይክ ሳይሆን የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮን ማይክ ነበርና በወጣው ሸክላ ላይ ከሩቅ ይሰማል። የአልበሙም ከፊል ስቱዲዮ ውስጥ እንደገና ተሠርቶ የሕዝብ ጩኸት ተለጥፎበታል። የሬዲዮው ቅጂ ተገኝቶ ሁለቱ ተጣምረው የወጡት በ1999 ነው። እርሳቸው የቀድሞውን ርቀት «የሌሊቱ ስፋት» ብለው ይተነትኑት ነበር፤ አሁን ሳክስፎኑ ሲቀርብ ቅርበቱን ይተነትናሉ። ዕውቀት ማለት እንዲህ ነው፤ ማስረጃ አያናውጠውም።

የሳክስፎኒስቱን የካነንቦል አደርሊን በ1966 የተቀዳ ዝነኛ አልበም ሲያሰሙንማ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሽፋኑ ክለብ ውስጥ የተቀዳ ነው ይላል። «የክለቡ ጭስ አይሸታችሁም?» ሲሉ አፍንጫችንን እንነፋለን። የተቀዳው ግን ሎስ አንጀለስ፣ ካፒቶል ስቱዲዮ ውስጥ ነው፤ እንግዶች ተጠርተው መጠጥ በነፃ ቀርቦላቸው። ይህን ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ ግን አልቶ ሳክስፎኑ ገብቶ ስለነበር ተራ አልደረሰኝም፤ ያብራሩ ነበራ።

በ1960 ደግሞ ባስ ተጫዋቹ ቻርልስ ሚንገስ ኤሪክ ዶልፊን ከነሳክስፎኑ ይዞ ስቱዲዮ ገባ። አድማጭ የሚባል አልነበረም። ሚንገስ ግን ክለብ ውስጥ እንዳለ ሁሉ፣ አታጨብጭቡ፣ በረዶውን ብርጭቋችሁ ውስጥ አታንኳኩ እያለ ለሌሉት ሰዎች ይናገራል። ጃዝ እስከ ዛሬ ካገኛቸው አድማጮች ሁሉ ጨዋዎቹ እነሱ ናቸው። ይህን ልመና የሰማሁት አዋቂያችን ባልነበሩበት ቀን ነው። እርሳቸው ሲኖሩ ያቺ ቦታ ስትደርስ፣ ሚንገስ ምን ሊል እንደሆነ ሲያስረዱን ታልፋለች።