ሦስት ፕሮፎርማ ለአንድ ቀዳዳ

ጣሪያዬ ማፍሰስ የጀመረው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው ከዚህ የከፋ ቀጠሮ የለም። ሰኔ ከገባ ክረምቱ ቀልድ አያውቅም። መጀመሪያ አንድ ጠብታ ነበር፣ መኝታ ቤት፣ ልክ ትራሴ ላይ። ባለቤቴ ሳፋ አስቀመጠች። በሁለተኛው ዝናብ ሳፋው ሁለት ሆነ። በሦስተኛው የሊጥ ቡሃቃው ሳይቀር ተሰለፈ። እንጀራ ሊቀርብን መሆኑ ሲገባኝ ሠራተኛ ላፈላልግ ተነሳሁ።

ሠራተኛ ከመጠራቱ በፊት ግን የሰፈር ሸንጎ አለ። ነገሩን ቡና ላይ አነሳሁት። ከአጥራችን ወዲያ ያሉት ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ የሠሩት ግዥ ክፍል ነው። ሲኒያቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ፈረዱ።

"ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስብ።"

"ለቀዳዳ?"

"ለቀዳዳም ቢሆን!"

የፕሮፎርማን ነገር አገር ያውቀዋል። ሦስት ማኅተም፣ ሦስት ዋጋ፣ አንድ የእጅ ጽሑፍ። ቢሆንም ጋሼን እምቢ ማለት አይቻልም። ሰበሰብኩ።

የመጀመሪያው ጫማው የሚያብረቀርቅ ልጅ ነው። "ኮንትራክተር ነኝ" አለኝ። የሚያፈሰው መኝታ ቤቱ ነው፤ እሱ ግን ሳሎኑን ዞረ። ሶፋውን አየ። ፍሪጁን አየ። ቴሌቪዥኑን በዓይኑ ለካው። እየተጫወተ፣ እያሳቀኝ ነው ታዲያ። እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ የሚባለው እንዲህ ያለውን አይቶ መሆን አለበት።

"ጋሼ፣ ውጭ አገር ዘመድ አለዎት?" አለኝ በመሀል።

"አንዲት እህት አለችኝ" አልኩት፣ የዋሁ።

አሁን ሳስበው ያቺ መልስ ብቻዋን አሥር ሺህ ብር ሳታወጣ አትቀርም። በመጨረሻ "42,000" አለ። በዚያ በኩል ያለው ቆርቆሮ በሙሉ ተነስቶ በ28 ጌጅ መተካት አለበት። እኔም አልሞኝም ብዬ "ለምን 35 ጌጅ አናደርገውም? ቁጥሩ ከፍ ያለው ይሻላል" አልኩት። ሳቀ። ለካ በጌጅ ዓለም ቁጥሩ ሲያድግ ቆርቆሮው ይሳሳል። 35ቱ ከ28ቱ የቀጠነ ነው። ማንነቴን ያወቀው ያኔ ይመስለኛል፤ 70 በመቶ ቀብድ የጠየቀኝ ወዲያው ነውና።

ሁለተኛው ከመምጣቱ በፊት ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን ነጠላ አለበሰችው። እኔ ክርኑ ላይ የተቀደደውን ሹራቤን ለበስኩ። እህቴንም ለጊዜው ከቤተሰቡ ሰረዝናት። ሰውየው ግን ወደ ቤት እንኳ አልገባም። ግቢ ውስጥ ቆሞ፣ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና "900 ብር። ሬንጅ ለቅለቅ ነው" አለ።

ሸንጎው በደስታ ፈነደቀ። "ኧረ በጊዮርጊስ! ቶሎ አሠራው፣ ሐሳቡን ሳይቀይር!" ልስማማ ጥቂት ነበር የቀረኝ። ብቻ አንድ ጥያቄ ከአፌ አመለጠኝ። "ቀዳዳው የት ነው?" አልኩት።

"ከትራሱ በላይ ነዋ" አለ፣ እንደመገረም ብሎ።

ይህን እኔም አላጣሁትም። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ውሃ በገባበት አይንጠባጠብም። በአንዱ ጥግ ይገባል፣ እንጨቱን ይዞ ሁለት ሦስት ሜትር ይሄዳል፣ ኮርኒሱ ላይ ያርፍና ደስ ባለው ቦታ ይወርዳል። ልክ እንደ ሐሜት። እኛ ቡና ላይ የሰማነው ሁሉ የተነሳው ከሌላ ቤት ነው። ሬንጁም ቢሆን ፀሐይ ሲመታው ይለሰልሳል፣ ሲከርም ይሰነጣጠቃል። የዘንድሮው 900 ብር ለከርሞ ሌላ 900 ብር ይወልዳል።

ሦስተኛው ባጃጅ ላይ መሰላል አስሮ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ፣ እኛ ወዳለንበት ዓባይ ማዶ መጣ። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፤ ይኸኛው መሰላል ይዞ ነው የሚዞር። ገና በሩ ላይ ሆኖ ሰላምታ ሰጠኝና፣

"እህትዎ ውጭ አገር ያለችው ጋሼ እርስዎ ነዎት?" አለኝ።

ለካ ሦስቱም ሥራ የሚጠብቁት አንድ መታጠፊያ ላይ ነው። የእኔ ቀዳዳ እዚያ ሳምንት ሙሉ ሲወራበት ከርሟል። ጋሼ የሚያውቁት ፕሮፎርማ በእግሩ ቆሞ አገኘሁት ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይኸኛው አንድ ነገር ተለየብኝ። ዋጋ ከመናገሩ በፊት ጣሪያው ላይ ወጣ። ኮንትራክተሩ አልወጣም። ባለ ሬንጁም አልወጣም። እሱ ሃያ ደቂቃ ያህል ላይ ቆየና አንድ እፍኝ የዛገ ሚስማር ይዞ ወረደ። ሚስማሩ ሥር ያለችው ጎማ እንደ ድንጋይ ደርቃለች። ቆርቆሮው ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ማታ ይሰበሰባል፤ በዓመታት ውስጥ ሚስማሩን ያላላዋል አለኝ። ደግሞ ቤቱን የሠራው ሰው ጥቂቱን ሚስማር ጎድጓዳው ላይ መቶታል። ሚስማር የሚመታው ጉብታው ላይ ነው፤ በጎድጓዳው ውሃ ይወርድበታል። አሸንዳውም በቅጠል ተዘግቶ ውሃውን ወደ ኋላ እየመለሰው ነበር። ቆርቆሮው ራሱ ግን ደህና ነው። አርባ ሁለት ሺህ ብሬን እንዳገኘኋት ቆጠርኩ።

"ስንት?" አልኩት።

"ዕቃውን እርስዎ ይግዙ፣ እጄን 3,500።"

እዚህ ላይ ያሳደገኝ ባህል ተነሳብኝ። ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ቀረሶ ዓሣ ሳስጠብስ ዋጋ ተከራክሬ አላውቅም። አጥንቷን ስግጥ እቆይና የመጣልኝን ሒሳብ ከፍዬ፣ ጉርሻ ጨምሬ እወጣለሁ። ሞያተኛ ሲመጣ ግን ደሜ ይፈላል።

"ለግማሽ ቀን ሥራ? ለሚስማር?" አልኩት።

አልተቆጣም። መሰላሉን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። "እንግዲያው እርስዎ ይውጡ። እኔ ሚስማር አቀብልዎታለሁ። 500 ብር ይበቃኛል።"

ባለቤቴ በመስኮት እያየች ነው። እምቢ ማለት አልቻልኩም። ወጣሁ። አንደኛው እርከን ደህና ነበር። ሁለተኛው ላይ መሰላሉ ትንሽ ተነፈሰ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ከሩቅ የሚያብለጨልጭ ነገር ታየኝ፤ ጣና ይሁን የጎረቤት ቆርቆሮ አላጣራሁም። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። 3,500 ብር ፍትሐዊ ዋጋ መሆኑን ያመንኩት እዚያ፣ ሦስተኛው እርከን ላይ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍታ ላይ ነው።

ተስማማን። ግማሹን ሥራው ሲያልቅ፣ ግማሹን ዝናብ ጥሎ ጠብታ ከጠፋ። ይህን ሐሳብ ያመጣው እሱ ራሱ ነው፤ ኮንትራክተሩ ቢሰማ ያመዋል። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ዝናቡ ጣለ፣ የባሕር ዳር ዝናብ፣ ቆርቆሮ ላይ ሰው የሚደንስ የሚያስመስለው። እኔና ባለቤቴ ባትሪ ይዘን ኮርኒስ ስናይ አደርን። ምንም። ጠዋት ቀሪውን ከፈልኩት።

ችግሩ የመጣው ቡና ላይ ነው።

"ስንት ወሰደብህ?" አሉ ጋሼ።

አፌ ለመናገር ተከፈተ። ዙሪያዬን አየሁ። 3,500 ብል የሚሆነውን አውቀዋለሁ። በ2016 ግንቦት የተመረቀው አዲሱ ድልድያችን 380 ሜትር ነው፤ ስለሱ ዋጋ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሰው ሲከራከር አልሰማሁም። በእኔ ሚስማር ግን እስከ መስቀል ይከራከራሉ።

"1,500" አልኩ።

"ተበልተሃል!" አለ ሸንጎው በአንድ ድምፅ።

ሁለት ሺህ ብር ዋሽቼ እንኳ ተበልቻለሁ! እትዬ ቧንቧቸውን በ300 ብር እንዳሠሩ አስታወሱኝ። ጋሼም የግቢ በራቸውን በስንት እንዳስበየዱ ተናገሩ፤ ለኤሌክትሮዱ እንኳ የማይበቃ ዋጋ ነው። ሁለቱንም ዓይን ዓይናቸውን አየኋቸው። ሁለቱም ሲኒያቸውን አዩ። ስንት ዓመት ሙሉ ሠራተኛ በጠራሁ ቁጥር በነዚህ ዋጋዎች ስከራከር ኖሬያለሁ! ስንቱን ግንበኛ፣ ስንቱን ኤሌክትሪሺያን ሌባ ብዬ ሸኝቻለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ስልኬ ጠራ። ባለ መሰላሉ ነው።

"ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ? ጣሪያው እንዴት ነው?"

"እግዜር ይስጥህ፣ ጠብ የሚል የለም።"

"እሰይ! አሁን እዚሁ ጎረቤትዎ ቤት ነኝ፣ ግዥ ክፍል የነበሩት ጋር። የሳቸው ከእርስዎ ይብሳል፣ 4,000 አልኳቸው። እሳቸው 'ለእሱ በ1,500 ሠርተህ' እያሉ አስቸገሩኝ። እስቲ ስንት እንደከፈሉኝ ራስዎ ይንገሯቸው። ስፒከር ላይ ነዎት።"

ጋሼ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ በስልኩ ሰማሁ። ያንኑ ጉሮሮ በአጥሩ በኩልም ሰማሁት።

"አሎ?" አልኩ። "አሎ? አሎ? ኧረ ይኼ ኔትወርክ..."

"ኔትወርኩ ደህና ነው!" አሉ ጋሼ፣ በአጥሩ በኩል።