እግሩን አሞት ነው

ከእናቴ ጋር የፈረንሳይኛ ፊልም ማየት እረፍት አይደለም፤ ሥራ ነው። ከሥር የሚያልፈው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው፤ ይሮጣል። እናቴ «ምን አለች?» ትላለች። ያለፈውን ስነግራት አዲሱ ያመልጠኛል፤ ያመለጠኝን ከራሴ እሞላለሁ።

ባለፈው እሑድ ያየነው ኤሪክ ላርቲጎ ያዘጋጀውን፣ በፈረንጆቹ 2014 የወጣውን «ላ ፋሚይ ቤሊየ» ነው። ፖላ የ16 ዓመት ልጅ ናት። እናቷ፣ አባቷና ወንድሟ መስማት የተሳናቸው ናቸው፤ ከቤቱ የምትሰማው እሷ ብቻ ናት። ገጠር ውስጥ ላም ያረባሉ፣ አይብ ሠርተው ገበያ ያወጣሉ። ስልክ የምታነሳው ፖላ፣ ከገዢ ጋር የምትነጋገረው ፖላ። አባትየው ከንቲባ ካልሆንኩ ብሎ ሲነሣም አንደበቱ ያው ፖላ ናት።

ፊልሙ ገና ሳይሞቅ ሐኪም ቤት ገባን። ባልና ሚስቱን ያመማቸው የመኝታ ቤት ሕመም ነው፤ የት የት እንደሚያሳክካቸው ለሐኪሙ የምትናገረው ልጃቸው ናት። ሐኪሙ ለጊዜው እንዳይነካኩ ሲያዝም፣ ይህንኑ ለአባቷ የምትነግረው እሷው ናት።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች እናቴ።

«እግሩን አሞት ነው።»

የምልክት ቋንቋ ግን አስተርጓሚን ያጋልጣል። የሰውየው እጅ የሚናገረው ስለ እግር አልነበረም። እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበችና «እግሩ በጣም ወደ ላይ ወጥቷል» አለች።

እኔ በዚህ ሙያ አዲስ አይደለሁም። በልጅነቴ የሰፈሩ ደብዳቤ ጸሐፊ ነበርኩ። አንዲት ጎረቤታችን በውርስ መሬት ከወንድሟ ጋር ተጣልታ «ይህ ሌባ ብለህ ጀምርልኝ» አለችኝ። እኔ የማውቀው አጀማመር አንድ ብቻ ነው፦ «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» ሌባውን በኋላ አስገባዋለሁ ስል ወረቀቱ አለቀ። ለመስቀል ወንድምየው «ደብዳቤሽ አስለቀሰኝ» እያለ በግ ጎትቶ መጣ። በትከሻው ላይ አሻግራ አየችኝ። በጉ ባይኖር ኖሮ የሚገፈፈው የእኔ ቆዳ ነበር።

በአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በእስራኤሏ ኔታንያ የሚያድጉ ልጆቻችን ይህን ሙያ ከእኔ በላይ አሳድገውታል። የወላጆች ስብሰባ ላይ አስተማሪዋ «የቤት ሥራ ሠርቶ አያውቅም» ስትል ልጁ «ጎበዝ ነው ትላለች» ይላል። «ታዲያ ፊቷን ለምን አጠቆረችው?» «ሌላ ክፍል እንዳይወስዱኝ ሰግታ ነው፣ እማዬ።» ፖላ ከእነዚህ አንጻር መልአክ ናት።

ወላጆቹን ሆነው የተወኑት የሚሰሙ ተዋንያን መሆናቸው መስማት የተሳናቸውን ብዙዎች አስከፍቷል፤ እውነት አላቸው። ፊልሙን እንደገና የሠሩት አሜሪካውያን ይህን አርመው፣ በ2022 በ«ኮዳ» የምርጥ ፊልም ኦስካር ወሰዱ።

ፖላ ድምፀ መረዋ ሆና ተገኘች፤ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ዘፈኗን ቤቷ ውስጥ የሚሰማላት የለም። በትምህርት ቤቷ መድረክ ስትዘፍን ፊልሙ ድምፁን ጨርሶ አጠፋው።

«ቴሌቪዥኑ ተበላሸ!» እናቴ ሪሞቱን አነሳች።

«ደህና ነው። ለወላጆቿ እንዲህ ነው።»

ሪሞቱን ቀስ ብላ አስቀመጠች። እናትና አባት ልጃቸውን ትተው የሌላውን ተመልካች ፊት ያያሉ፤ ማን እንዳለቀሰ፣ ማን እንደፈገገ። እናቴም ዞር ብላ የእኔን ፊት አየች።

በመጨረሻ ፖላ ፓሪስ ሄዳ ለፈተና ትቆማለች። የምትዘፍነው የሚሼል ሳርዱን ዘፈን ነው፤ ልጅ ከቤቱ ሲወጣ ወላጆቹን የሚሰናበትበት። ወላጆቿ ከላይ ተቀምጠው ያዩአታል። መሐል ላይ እጆቿን አነሳችና ዘፈኑን በምልክት ትነግራቸው ጀመር።

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «አሁን የምትለው...»

እናቴ ዓይኗን ከፖላ እጆች ሳትነቅል መዳፏን አፌ ላይ ጫነች።

«ዝም በል፤ ልስማበት።»