ከመስቀል በኋላ እንጀምራለን

ጳጉሜን ስትገባ ባሕር ዳር ላይ ሁለት ነገር ይፈነዳል፤ አደይ አበባና ዕቅድ። አደይዋ ቢያንስ እስከ መስቀል ትቆያለች።

ስለ አደይ ብዙ ተብሏል። እኔ ዛሬ የማወድሰው ዕቅዱን ነው። በተለይ ያንን ትልቁን፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚያወጣውን፣ “ዘንድሮ ጤናማና አረንጓዴ ኑሮ እንኖራለን” የሚለውን። አንዳንድ ሰው አንዲት ትንሽ ነገር ያቅድና፣ እሷኑ ሠርቶ፣ ዝም ብሎ ይተኛል አሉ። እንዴት ያለ ድርቅና ነው!

የእኛ ቤት ዕቅድ የተወለደው አምና በዋዜማው ማታ ነው። መብራት ጠፍቶ ሻማ አብርተናል። ባለቤቴ ለዶሮው ሽንኩርት ትልጣለች። ልጆቹ ችቦ ያስራሉ። እኔ እንደ ሰብሳቢነቴ እስክሪብቶ ይዣለሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ 23 ነጥብ ወጣ። ስኳር ማቆም። ባጃጅ አለመሳፈር። በየቀኑ ሁለት ሰዓት በእግር መሄድ። ፌስታል ቤት አለማስገባት። ጓሮውን አትክልት በአትክልት ማድረግ። “ዘይት መቀነስ” ብዬ ስጽፍ ባለቤቴ ቀና አለች፤ “ምን መቀነስ ነው፣ ማቆም በል እንጂ!” አለችኝ። አቆምን። ታናሹ ልጅ ጣናን ከእምቦጭ ማጽዳት አለብን አለ። የልጅ ሐሳብ አይናቅም፤ 19ኛ ላይ አስገባነው፣ የመጸዳጃ ቤቱን አምፖል ከመቀየር ቀጥሎ።

አማቴ ጥግ ይዘው ሲሰሙ ቆዩና “ልጄ፣ ነገ ዶሮ ነው። በጉም ታስሯል። ታዲያ መቼ ልትጀምሩ ነው?” አሉ።

ትንሽ ተያየን። ከዚያ በአንድ ድምፅ “ከሰኞ ጀምሮ” አልን።

ሰኞ የሚባል ቀን ባይኖር ኖሮ የስንቱ ቤተሰብ ጤና ምን ይውጠው ነበር? ሰኞ ደረሰ። የበጉ ሥጋ ግን አላለቀም። ምግብ መድፋት ደግሞ አረንጓዴ ኑሮ አይደለም። ስለዚህ ለአካባቢያችን ስንል በላነው። እሱ ሲያልቅ መስቀል ደረሰ። “በቃ፣ ከመስቀል በኋላ እንጀምራለን” ተባለ።

እዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠራችንን ሳላመሰግን ማለፍ ግፍ ነው። ዕቅድ ለማሸጋገር እንዲህ የተመቸ ካሌንደር የትም ያለ አይመስለኝም። መስከረም 17 መስቀል ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ጽጌ ጾም ነው፤ በጾም ላይ ሌላ ቀንበር አይደራረብም። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። በመሐል የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ከች ይላል፤ አናከብረውም፣ ለዕቅድ ማደሻ ግን አንጠላውም። ገና አለ፣ ጥምቀት አለ፣ ዐቢይ ጾም አለ፣ ፋሲካ አለ። ከፋሲካ በኋላማ ዓመቱ አልቋል። ባለቀ ዓመት ላይ አዲስ ነገር የሚጀምር ምን ዓይነት ሰው ነው?

ባለቤቴ አንድ ቀን ክፉ ጥያቄ ጠየቀችኝ። “ቆይ፣ 55 ቀን ሙሉ ሥጋ ሳንቀምስ፣ ወተት ሳንቀምስ እንከርም የለ እንዴ? ሦስት ቀን ከስኳር መራቅ ምን ሆነን ነው ያቃተን?”

“ያንን ማን አቀደው?” አልኳት። ጾሙ ቀኑ የታወቀ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ይጾማል። ሽሮው ተጥዷል፣ ሥጋ ቤቱ ተዘግቷል። ተነሥቶ ነጥብ የሚጽፍ የለም፣ ፎቶ የሚለጥፍ የለም። እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ እኛ እንደ ቤተሰብ የምንታይበት ቦታ የት አለ? ዝም አለች። አሳመንኳት መሰለኝ።

ወደ እግር ጉዞው ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ለአምስት ቀን ሲካፈል በቀን 30 ደቂቃ ማለት ነው። ከእኛ ቤት ግሽ ዓባይ ገበያ ደርሶ መልስ። ይሄ ዕቅድ ይባላል? ይሄ እኮ ሽንኩርት ሲያልቅ የሚኬድ መንገድ ነው። ፌስቡክ ላይ ቢለጠፍ ሰው ይታዘባል። እኛ በሳምንት 14 ሰዓት ነው ያቀድነው፤ ከድርጅቱ ምክር አምስት እጥፍ በላይ። በእግር ባንቀድማቸውም በሐሳብ ጄኔቫን ጥለናት ሄደናል።

አንድ ቀን ግን ወጥተናል፣ አልዋሽም። ጥቅምት ውስጥ ነው፣ እሑድ ማለዳ። ቤዛዊት ልንወጣ ተነሣን። ቤዛዊት ያ የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ያለበት፣ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሲጠማዘዝ ቁልቁል የሚታይበት ኮረብታ ነው። ለአምስታችንም ቱታ ተገዝቷል፤ አንድ ዓይነት፣ አረንጓዴ። ከቤት እስከ ኮረብታው ሥር ድረስ ሩቅ ስለሆነ ጉልበት ለመቆጠብ ባጃጅ ያዝን። አምስት ሆነን በአንድ ስለማንችል ሁለት ያዝን። አቀበቱን ስንጀምር ታናሹ “እራበኝ” አለ። ታላቋ ጫማዋ ነካት። እኔ ምንም አልሆንኩም፤ ትንፋሼ ብቻ ነው ያጠረው። ፎቶ ተነሥተን ወረድን።

ከዚያ ጣና ዳር ቁርስ ተቀመጥን። “ዓሣ ጤና ነው” አልኩ፣ ለሁሉም ዓሣ አዘዝኩ። ቀረሶው ከነጭንቅላቱ ተጠብሶ መጣ። ጎኑ ተበጣጥቷል፣ ጅራቱ እንደ ቆሎ ደርቋል፣ ዘይቱ ሳህኑ ላይ ገና ይንጨረጨራል። ሎሚና ዳጣ ከጎኑ። ለስላሳ አምስት። ሃይላንድ አምስት። ስንነሣ ሃይላንዶቹን ጠረጴዛው ሥር ትተናቸዋል። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘግብ የእኛ ቤተሰብ ቁርስ ገና ስላልነበረ አይፈረድበትም። የኮረብታዋን ፎቶ ማታ ለጠፍናት። “ጤናችን በእጃችን” የሚል ጻፍንባት። እጃችን ላይ የነበረው የዓሣ ዘይት ቢሆንም ከ200 በላይ ላይክ አገኘች።

የዚያን ዕለት ጠዋት አንድ ሰው በደንገል ታንኳ ከዘጌ በኩል እንጨት ጭኖ እየቀዘፈ ሲመጣ አይተናል። ነዳጅ የለው፣ ጭስ የለው። ታንኳው ሲያረጅ እዚያው ይበሰብሳል። አዘንኩለት። ቱታ እንኳ የለውም።

ሳይክልም ገዝተናል። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ መንገዷ ዘንባባ ነው፣ ድሮም በሳይክል የምትታወቅ ከተማ ናት፤ ሳይክል የሌለው ቤት ያሳፍራል። አሁን ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ጎማው ከተነፈሰ ሰባት ወር ሆኖታል። ኮርቻው ላይ አንዲት ቀይ ዶሮ ታድራለች፤ ብንላት ብንላት አልወርድም አለች። ከቤተሰቡ ውስጥ ሳይክል ላይ በየቀኑ የምትወጣው እሷ ብቻ ናት።

የችግኙ ነገር ግን ከሁሉም ያኮራኛል። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ከግቢያችን በር አጠገብ እንተክላለን። ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ቦታው አልተቀየረም። ጉድጓዱም አልተቀየረም። ሐምሌ ላይ ማንጎ እንተክልበታለን፣ ልጆቹ ዙሪያውን ቆመው ፎቶ ይነሣሉ። መስከረም ላይ ዝናቡ ይሰናበታል። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ምድሩ ድርቅ ሲል ውኃ ማጠጣት የሚል ነጥብ ዕቅዱ ላይ አልተጻፈም፤ የጎረቤት ፍየልም ዕቅዳችንን አላነበበችም። ሐምሌ ሲመጣ ጉድጓዱ ይጠብቀናል። ከችግኙ ይልቅ ሥር የሰደደው እሱ ነው። ዙሪያውን ብትቆፍሩ ደግሞ የሦስቱም ዓመት ችግኝ የመጣበት ጥቁር ላስቲክ አንድም ሳይጎድል ይገኛል። አልጠፋም፣ አልደረቀም፣ ፍየልም አልበላውም። መቶ በመቶ ጸድቋል።

ፌስታልም እንዲሁ ነው። ቆንጆ የጨርቅ ቦርሳ ገዝተናል፤ ወጥ ቤቱ በር ላይ ተሰቅሏል። ገበያ ስንሄድ ይረሳል። ስንመለስ ያመጣናቸውን ፌስታሎች አጣጥፈን እሱ ውስጥ እናስቀምጣለን። አሁን ከመሙላቱ የተነሣ የማርገዝ ያህል ተነፍቷል። ሰው በእኛ ብቻ እንዳይፈርድ ግን አንድ ነገር ላስታውስ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ፣ የማይበሰብስ ስስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ይከለክል ነበር። በ2017 ሌላ ጠንካራ አዋጅ አስፈለገ። በመሐሉ 18 ዓመት አለ። እኛ ከሰኞ ወደ ሰኞ ብናሸጋግር ምን ይገርማል?

አሁን ስለ አንዲት ያሳዘኑኝ ሴትዮ ልንገራችሁ። የአጥር ጎረቤታችን ናቸው፤ ልጆቹ “እማማ” ይሏቸዋል። አምና ለእንቁጣጣሽ ቡና ጠርተውን “እማማ፣ ዘንድሮ ምን አቀዱ?” አልኳቸው።

“ምን አቅዳለሁ አንተየ” አሉ፣ ስኒውን እያቀበሉኝ። “ዘንቢሌን ሳልረሳ ገበያ ብሄድ ነው እንጂ።”

ሳቄን በቡናው ዋጥኩት። ዘንቢል! እኛ 23 ነጥብ ይዘን ቁጭ ብለናል፣ እሳቸው ዘንቢል ይላሉ።

ዓመቱን ሙሉ አየኋቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ያንን እጀታው በጨርቅ የተጠገነ ዘንቢል ይዘው በእግራቸው ግሽ ዓባይ ይሄዳሉ፣ በእግራቸው ይመለሳሉ። መንገድ ላይ ሰው ሰላም እያሉ ስለሚሄዱ አንዳንዴ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። የሽንኩርት ልጣጩንና የቡና አተላውን ጓሮ ካለች ጉድጓድ ይደፉና አፈር ያለብሱታል። ስትሞላ ሌላ ይቆፍራሉ። ባሮጌዋ ላይ ጎመን ይዘራሉ። ጎመኑ ሲበዛባቸው ለእኛም በአጥር ያቀብሉናል። ግምገማው ላይ “ጓሮውን አትክልት በአትክልት ማድረግ” በሚለው ሥር ያስመዘገብነው እሱን ነው።

ግምገማ ማለቴ፣ አዎ፣ እናካሂዳለን። ያለ ግምገማ ዕቅድ ምን ዋጋ አለው? ሰኔ 30 ቁጭ ብለን ሠራነው። አፈጻጸማችን 87 በመቶ ሆነ። አሠራሩ ቀላል ነው። ዕቅዱን ማውጣት ብቻውን 60 ነጥብ ይይዛል። ግብዓት ማሟላት 20 ነው፤ ቱታው፣ ሳይክሉ፣ ቦርሳው ተሟልቷል። ፎቶ 5። የመጸዳጃ ቤቱ አምፖል 2፤ እሱንም አማቴ ናቸው የቀየሩት። ለቀረው 13 በመቶ ምክንያቱ የአየር ንብረት ለውጥ ነው።

እምቦጩን ረስቼው አይደለም። 19ኛ ነጥብ ነበር፣ እንዴት ይረሳል? ስናጣራ ግን አረሙ የበረታው ወደ ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻው ነው፤ ደንቢያ፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ፎገራ። ለቤተሰብ ሽርሽር ይርቃል። በ2010 ከየቦታው ወጣቶች እየመጡ ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉ ነበር፤ እኛም ያኔ ፕሮፋይላችንን ቀይረን ከጎናቸው ቆመናል። እንደ ዕቅድ አውጪ ግን እምቦጭ ያናድደኛል። ከደቡብ አሜሪካ ድረስ የመጣ እንግዳ ሆኖ፣ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ስብሰባ አይጠራ። መፈክር የለው። ከመስቀል በኋላ አይል፣ ከፋሲካ በኋላ አይል። ዝም ብሎ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያድጋል። እንዲህ ያለ ሥርዓት አልባ አሠራር እኛ ቤት ቢገባ ምን ሊያደርገን እንደሚችል አስቡት።

ይኸው ደግሞ ጳጉሜን ገባች። ትናንት እማማን በር ላይ አገኘኋቸው። ዘንቢሉ ሳይቀየር እጃቸው ላይ አለ። ዕቅዳቸው ስላለቀባቸው ከልቤ አዝኜ “እንግዲህ ለአዲሱ ዓመት ምን ቀረዎት?” አልኳቸው።

“ቡናዬ ላይ ስኳሩን አንድ ማንኪያ ላደርገው ነው” አሉኝ።

“ስንት ነበር?”

“ሁለት።”

እግዚአብሔር ያጽናቸው።

የእኛ ግን ዘንድሮ 31 ነጥብ ደርሷል። አምና ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጥፈነው ወጥ ተረጭቶበት ነበር፤ “ስኳር ማቆም” የሚለው ላይ ቀይ ወጥ ፈሶ “ማቆም” የምትለው ቃል ጠፍታለች። ስለዚህ በየዓመቱ እንደ አዲስ ከመጻፍ አንዴ ማተም ይሻላል፣ ወረቀትም ይቆጥባል ብለን ተስማማን። ዛሬ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። በቀለም አሳተምኩት፣ ዳር ዳሩን አደይ አበባ አስደረግኩበት። ዓመተ ምሕረቱን በማርከር እየጻፍን እንድናጠፋው ባዶ አስተውኩት። ከዚያ ላሚኔት አስደረግኩት፤ ወፍራሙን ነው የመረጥኩ፣ ለብዙ ዓመት እንዲሆን።

ስወጣ ዝናቡ ወርዶታል። ልጁ አየኝና “ጋሼ፣ እንዳይበላሽብዎት” ብሎ በሁለት ፌስታል ደራርቦ ሰጠኝ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ዕቅዱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መጣሁ።