ሁለት ፓምፕ፣ አንድ ሪአክተር፦ ፓርላማው ልክ ነበር ወይ?

ጉዳዩን ለማታውቁት ባጭሩ። ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ቾክ ሪቨር የሚባል ቦታ ኤንአርዩ የሚሉት የምርምር የኑክሌር ሪአክተር ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ሥራ የጀመረ፣ ሆስፒታሎች ለምርመራ የሚፈልጉትን ሞሊብዴነም 99 የሚባል ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር የሚያመርት። ኖቬምበር 2007 ላይ ለጥገና ቆሞ ሳለ ሁለት የማቀዝቀዣ ፓምፖች የመሬት መንቀጥቀጥ ይቋቋማል ከተባለው የአደጋ ጊዜ የኤሌክትሪክ ኃይል ጋር እንዳልተገናኙ ታወቀ፣ የፈቃዱ ግዴታ ሆኖ ሳለ። የኑክሌር ደህንነት ኮሚሽኑ አይነሳም አለ፣ ፓርላማው ደግሞ በዲሴምበር አስቸኳይ ሕግ አውጥቶ ኮሚሽኑን ዘሎ ለ120 ቀን ይስራ አለ። ሁለት ሰዎች እንዲህ ይሟገታሉ፣ አንዷ ሪአክተሩ ሥራ መጀመሩን ትደግፋለች (ይነሳ ባይ)፣ ሌላው ቆሞ መቆየት ነበረበት ይላል (ይቁም ባይ)።

ይነሳ ባይ፦ ፓርላማው ልክ ነው። ሞሊብዴነም 99ን መጋዘን አስቀምጠህ አትጠብቀውም፣ በ66 ሰዓት ግማሹ የለም፣ ከሱ የሚወጣው ልብና አጥንት የሚታይበት ቴክኒሺየም ደግሞ በ6 ሰዓት ግማሹ ይሄዳል። ስለዚህ ሪአክተሩ ቆመ ማለት ከቀናት በኋላ ሆስፒታል ቀጠሮ ይሰርዛል ማለት ነው። ፓምፖቹ እኮ ሌላ መጠባበቂያ ነበራቸው፣ የጎደለው ተጨማሪው ነው፣ ለዓመታት እንደዛው ሲሰራ ኖሮ በዛ ሳምንት ምን አዲስ ነገር መጣ?

ይቁም ባይ፦ እኔን የምታስፈራኝ እቺ "ለዓመታት ሰርቷል" የምትለዋ ናት። ሪአክተር ስታጠፊው አይጠፋም። በቆመባት ቅጽበት እንኳ ከሙሉ ኃይሉ ከ6 እስከ 7 በመቶ የሚሆን ሙቀት ይቀራል፣ ያ ሪአክተር 135 ሜጋዋት ነበር፣ አስይው፣ ከ8 ሜጋዋት በላይ ነው፣ እየቀነሰ ይሄዳል ግን ለረጅም ጊዜ አይለቅም። ያን ሙቀት ከነዳጁ ላይ ጠርጎ የሚወስደው ፓምፕ የሚገፋው ውሃ ነው፣ ፓምፕ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። መሬት ስትንቀጠቀጥ ዋናው መስመርም ተራው መጠባበቂያም አንድ ላይ ሊሄዱ ይችላሉ፣ ሌላው የተፈለገው ለዛ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

ይነሳ ባይ፦ አንተ ቅጠል ስትፈልግ በሽተኛው አለቀ! አንዱ አደጋ ምናልባት ነው፣ ሌላው የተረጋገጠ። ኮሚሽኑ የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፣ ሥራው ስለሆነ አልፈርድበትም፣ ሁለቱን ሚዛን ላይ የሚያስቀምጠው የተመረጠ ሰው ነው። ደግሞ ዲሴምበር 16 ሲነሳ አንዱ ፓምፕ ተገናኝቶ ነበር፣ ይሄን ሰው ሲያወራ ይዘለዋል።

ይቁም ባይ፦ እሺ አልዘለልኩትም፣ ጥሩ ነው። ግን ከዛ በኋላ የሆነውንም እዪ፣ ጃንዋሪ 2008 ላይ የኮሚሽኑን ፕሬዚዳንት ሊንዳ ኪንን ከቦታዋ አነሷት። እምቢ ያለ ተቆጣጣሪ እንደሚነሳ ያየ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ አፉን ይከፍታል? በሽተኛውን ያስጨነቀውም ኮሚሽኑ አይደለም፣ ፈቃዱ ላይ ተጽፎለት ሽቦውን ያላገናኘው የሪአክተሩ ባለቤት ነው።

ይነሳ ባይ፦ በኪን ጉዳይ አልሟገትህም፣ አስቀያሚ ነበር። ወደ ብረቱ እንመለስ። ሜይ 2009 ያው ሪአክተር ቆመና 15 ወር ሳይነሳ ቀረ። በፓምፕ ነው? አይደለም፣ የአሉሚኒየሙ ጋን ከታች ተበልቶ ከባድ ውሃ የሚባለውን የሪአክተሩን ማቀዝቀዣ በሰዓት 5 ኪሎ ገደማ ሲያፈስ ተገኘ። ሁላችንም አይናችንን ሽቦ ላይ ተክለን ሳለ ግድግዳው እየተበላ ነበር ማለት ነው።

ይቁም ባይ፦ እንኳን አነሳሽው። ፍሳሹ እንዴት እንደታወቀ ታስታውሻለሽ? በአካባቢው መብራት ጠፍቶ ሪአክተሩ በራሱ ቆመ፣ ከዛ በማግስቱ ነው ያዩት። መብራት ጠፍቶ! እርግጥ መሬት አልተንቀጠቀጠም፣ ማቀዝቀዙም አልተቋረጠም፣ አላጋንንም። ግን መብራት መጥፋት ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር አለመሆኑን ያየነው እዛው ቤት ነው።

ይነሳ ባይ፦ ሆላንድስ? ፔተን ያለው ሪአክተር ኦገስት 2008 የማቀዝቀዣ ውሃው ውስጥ የጋዝ አረፋ ታየ፣ ቧንቧው ዝጎ ነው፣ ቆመ፣ ከዛ ፌብሩዋሪ 2009 ቧንቧው በደንብ ሳይጠገን እንደገና ተነሳ፣ ዋናው ጥገና የተሰራው 2010 ነው። የመድኃኒቱ እጥረት ስለገባቸው ነዋ! እዛ ሲሆን ብልህነት፣ ካናዳ ሲሆን ወንጀል?

ይቁም ባይ፦ ልዩነቱ ቀላል ነው፣ እዛ ጊዜያዊ ፈቃዱን የሰጠው ነገሩን የመረመረው ፈቃድ ሰጪው አካል ነው። ካናዳ ግን በአንድ ሌሊት እጅ አውጥተው ነው።

ይነሳ ባይ፦ ታዲያ ኮሚሽኑም በአንድ ፓምፕ ይሂድ ብሎ ጊዜያዊ ፈቃድ መስጠት ይችል ነበር። ማን ከለከለው?

ይቁም ባይ፦ ማንም አልከለከለውም፣ ሙሉ የደህንነት ማስረጃ አምጡና ወዲያው አያለሁ ነበር መልሱ። ማስረጃው ከመምጣቱ በፊት ሕጉ መጣ።