ፊርማዬን መልሱልኝ

ትናንት ማታ ከሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት የሰው ሳሎን ውስጥ ውሃ ስጨልፍ አመሸሁ። ጫማዬን አውልቄ፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ። ቤቱ የጎረቤታችን የእማማ ነው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ውሃው ደግሞ በጣራ አልገባም። በመዋጯችን የተቆፈረ፣ በጥርብ ድንጋይ የተገነባ፣ ሪባን ተቆርጦ የተመረቀ የጎርፍ መውረጃ ቦይ የሰፈሩን ዝናብ ሁሉ ሰብስቦ እሳቸው ደጃፍ ላይ ይደፋዋል። እንቅልፍ አልተኛሁም፤ ዛሬ ስናደድ ታገሡኝ።

ባሕር ዳርን የሚያውቅ ያውቃል፤ ከተማችን እንደ ምጣድ ልሙጥ ናት። ቁልቁለት የሚባል ነገር ብርቅ ስለሆነ ቦይ በአንድ ክንድ ከተሳሳተ ውሃው ወይ ይቆማል ወይ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህን ለማወቅ መሐንዲስነት ይጠቅማል። አርባ ክረምት እዚያው ቦታ ላይ መኖርም ይጠቅማል።

ከሁለት ዓመት በፊት ስለዚሁ ቦይ «ውይይት» ተጠራን። ጥሪው ለጠዋቱ 2፡30 ነበር፤ የተጀመረው አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ወረቀት በወንበሮቹ መሃል ይዞር ጀመር፤ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ስልክ፣ ፊርማ። ከላይ አርእስት የለውም። ፈረምን። እማማ መጻፍ ስለማይችሉ በቀለም አውራ ጣታቸውን አሳረፉ፤ ጣታቸውንም በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ያ ሰማያዊ ነጠብጣብ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

ከዚያ ንድፉ ቀረበ፤ ሐሳቡ ሳይሆን ያለቀው ንድፍ። ሰብሳቢው «ሰዓት እንቆጥብ፣ ጥያቄ ሦስት ሦስት እንሰብስብ» አለ። እማማ ተነሥተው «ልጄ፣ ውሃው በዚያ አይወርድም። ሁልጊዜ በዋርካው ስር ነው የሚሄደው፤ እናንተ ግን ወደ እኔ አዞራችሁት» አሉ። ሰብሳቢው ራሱን ነቀነቀ፣ ማስታወሻው ላይ የሆነ ነገር ጻፈ፣ «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ በግብዓትነት እንወስደዋለን» ብሎ አስቀመጣቸው። በግብዓትነት! ይህች ቃል ስንት ሰው አስቀምጣለች።

ጎርፉ ሲጀምር አቤት ልንል ሄድን። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው፣ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። በመጨረሻ አንድ ጨዋ ባለሙያ ማኅደሩን ከፍቶ አሳየን፤ ቃለ ጉባኤው «ኅብረተሰቡ በንድፉ ላይ ተወያይቶ የጋራ መግባባት ላይ ደርሷል» ይላል። ማስረጃው ከኋላው ተያይዟል፤ ያ አርእስት የሌለው የፊርማ ወረቀት። የእማማ አውራ ጣት እዚያው አለ። ቤታቸውን የሚያጥለቀልቀውን ቦይ «ያጸደቁት» እሳቸው ራሳቸው ሆነዋል!

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች በብሔራዊ ልማት የመሳተፍ፣ በተለይም የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። በቂ ሥልጣን! ሰብሳቢያችንን ከስብሰባው በኋላ ለብቻው ስናገኘው ያለንን ልንገራችሁ፤ «እኔም አውቃለሁ፣ ግን ከላይ የወረደ ነው፤ መስመሩን በአንድ ሜትር ለማዞር ሥልጣን የለኝም።» እውነቱን ነው። የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ለቀብርም ለሠርግም አብሮን ይቆማል። በሱ አልፈርድም። ክልሉ በጀቱንም ንድፉንም ውሳኔውንም ላይ አስቀርቶ፣ ለታችኛው የላከለት ሰው መሰብሰብንና ወረቀት ማዞርን ብቻ ነው።

ነገሩ የእኛ ሰፈር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። እንቦጭ የሚባለው አረም ጣናን መውረር ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የዳር ገበሬውና ዓሣ አስጋሪው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል አይተናል፤ የእጁ ቆዳ ተልጧል። ለእጁ ተጠራ። ነፋሱ አረሙን በየትኛው ወር ወደ የትኛው ዳር እንደሚገፋው፣ ሐይቁ ሸሽቶ በሚለቀው የባሕር ሸሽ መሬት ላይ ዘሩ ጭቃ ውስጥ እንደሚቆይ፣ የዓሣ መራቢያው የት እንደሆነ የሚያውቀውም እሱ ነው። ግን ለዚህ እውቀት ሲሆን መድረኩ ላይ የሚቀመጠው ሌላ ሰው ነው። ተሳትፎ ማለት በእኛ ዘንድ ገንዘብ አምጣ፣ ጉልበት አምጣ፣ ፈርም ማለት ሆኗል። ጣና በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ቁም ነገሩ ሰውና ተፈጥሮ ተያይዘው እንዲኖሩ ነበር።

«ሕዝቡ አቅም የለውም፣ ግንዛቤ ያንሰዋል» ሲሉ ደግሞ የባሰ እናደዳለሁ። ጣና ዳር ባለችው ዘጌ ገዳማቱና ነዋሪው በሬ ጠምዶ ማረስን ነውር አድርገው ደኑንና ቡናውን ለዘመናት ጠብቀዋል፤ ማን ሥልጠና ሰጣቸው? የሰፈራችን እድርስ? ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱ ተቆጥሮ በመዝገብ ይገኛል። ወርሃዊ መዋጮ ያላመጣ ይቀጣል። ዳኛው አንድ ብር ሲያወጣ በሚቀጥለው እሑድ በሁላችን ፊት ያነባል፤ ያልተስማማ ሰው «አልተስማማሁም» ብሎ ያስጽፋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ቦዩ መዋጮ የወጪ ዝርዝር ስንጠይቅ ግን እንኳን መልስ፣ ደረሰኝም አላየንም።

ብዙ አልጠየቅንም። ንድፉን ሳይጨርሱት አምጡት፤ በሰኔ ዝናብ ሰፈራችንን አብራችሁን በእግር ዙሩ። የስብሰባ መገኛ ወረቀትና የስምምነት ወረቀት ለየብቻ ይሁን። ቃለ ጉባኤው ከመታተሙ በፊት በተሰበሰብንበት ይነበብ፤ እማማ ያሉት እሳቸው ባሉት ቃል ይጻፍ። የሥልጣን ጉዳይም አለ፤ ቦይን በአንድ ሜትር ለማዞር ከክልል ደብዳቤ ማስመጣት ለማን ይጠቅማል?

ቅዳሜ ደግሞ ስብሰባ አለ ተብለናል። አጀንዳው፣ አትሳቁ፣ «የኅብረተሰብ ተሳትፎን ማጠናከር» ነው። እሄዳለሁ። ወረቀቱ ሲደርሰኝ ከፊርማዬ ጎን «ተገኝቻለሁ እንጂ አልተስማማሁም» ብዬ እጽፋለሁ፤ ቦታ ከጠበበኝም ከጀርባው እጽፋለሁ። እማማ አይመጡም። ዛሬ ጠዋት ሳልፍ ከልጅ ልጃቸው ጋር በማዳበሪያ ከረጢት አፈር እየሞሉ በራቸው ላይ ይደረድሩ ነበር፤ ሰማዩ በጣና በኩል እንደገና ጠቁሯል።